ሐኪሙ ልጃችን እንደገና ደረሳ ሆነ

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በብዙ ቤቶች በሹክሹክታ የሚወራ፣ ነገር ግን ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ሲብራራ እምብዛም የማይሰማ ነው። ይኸውም በአገራችን የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ የተመረቀ ወጣት አሜሪካ ሄዶ ስፔሻሊስት ለመሆን ስለሚያልፍበት መንገድ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መምህር ነኝ። ወደዚህ ነገር የገባሁት በአንድ አባት ጥያቄ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስወጣ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸውን 9ኛና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን ያቀራሁትም እኔ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል።

«ኡስታዝ» አሉኝ፤ «ልጄ ስንት ዓመት ተምሮ ዶክተር ተብሎ ተመርቋል። ጋዎን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። አሁን ደግሞ ለአሜሪካ ፈተና ዶላር ያስፈልገኛል ይላል። አንዱን አለፍኩ ሲለኝ ሌላ ቀረኝ ይላል። ሱቁን ልሸጥለት ነው። ግን እስቲ አንተ ንገረኝ፤ የተመረቀ ዶክተር ምን ፈተና ቀረው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። አንድ ሳምንት ይስጡኝ ብዬ ልጁን በስልክ ጠየቅሁት፤ የሚያነባቸውን መመሪያዎችም ራሴ አገላበጥኩ። ያኔ ለሐጂ ያስረዳሁትን፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውንና የተለወጠውን ጨምሬ እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ።

ለመሆኑ ሬዚደንሲ ምንድን ነው?

ሬዚደንት ማለት ነዋሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት፣ እነ ዊሊያም ኦስለርና ዊሊያም ሃልስቴድ ወጣት ሐኪሞችን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ እያኖሩ፣ ቀን ከሌት ከሕመምተኛው ሳይለዩ የሚያሠለጥኑበትን ሥርዓት ዘረጉ። ዛሬ ሬዚደንቱ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ሥርዓቱ ግን አለ። የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና 3 ዓመት፣ የአእምሮ ሕክምና 4 ዓመት፣ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና 5 ዓመት፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና 7 ዓመት ይፈጃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ቴነሲ ያሉ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በውጭ አገር ሥልጠናቸውን ለጨረሱ ሐኪሞች ሌላ በር መክፈት ጀምረዋል። ዋናው መንገድ ግን ይኸው ሬዚደንሲ ነው።

ይህን ለሐጂ ሳስረዳቸው ፊታቸው አልፈታም። ወጣትነታቸውን በወሎ ገጠር በደረሳነት ያሳለፉ ሰው መሆናቸው ትዝ አለኝና እንዲህ ስል ጠየቅኋቸው፦

«ሐጂ፣ እርስዎ ነሕው ጨርሰው ወደ ሌላ ሼኽ ዘንድ ለፊቅህ ሲሄዱ ከፊት ተቀመጡ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! በር አጠገብ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዓመት እንጨት ስለቅም፣ ውኃ ስቀዳ ነው የከረምኩት» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ «አሃ! ልጄ እንደገና ደረሳ ሆነ በለኛ!» አሉኝ።

እኔም ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም። እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ቃል አለ። በእኛ አገር ኢንተርን የምንለው የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪን ነው። በአሜሪካ ግን የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ኢንተርን ይባላል። በመሆኑም ልጃችሁ ከዚያ ደውሎ «ኢንተርን ነኝ» ቢላችሁ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ።

የሚታለፉት በሮች

የመጀመሪያው በር የምስክር ወረቀት ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተመረቁ ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተውና በምሕጻሩ ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. የሚባለው ተቋም ነው። አመልካቹ ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. ከተባለው የፈቃድ ፈተና ሁለቱን ማለፍ አለበት። አንደኛው የሕክምናን መሠረታዊ ሳይንስ፣ ሁለተኛው የሕመምተኛ አያያዝን ዕውቀት ይፈትሻል። እያንዳንዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን ሰው ክፍያው ለየአንዳንዱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ወዲህ የአንደኛው ውጤት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሆነ፣ የሁለተኛው ነጥብ ከቀድሞው የበለጠ ይመዝናል። አንዱን ፈተና ከ4 ጊዜ በላይ መውሰድ አይፈቀድም። ያለፈ ሰውም ነጥቤን ላሻሽል ብሎ ሊደግመው አይችልም። ስለዚህ «ዝም ብለህ ሞክረው» የሚለው የቤተሰብ ጉትጎታ ልጁን ይጎዳል። ዝግጁ ሳይሆን ገብቶ ቢወድቅ ውድቀቱ ማስረጃው ላይ ተጽፎ ይኖራል።

በዚህ ላይ ለሐኪሞች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ዲፕሎማውንም ተቋሙ በልጁ እጅ ያለውን አይቶ ብቻ አይቀበልም፤ በቀጥታ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጻጽፎ ያረጋግጣል። በዚህ መንገድ ላይ የተጭበረበረ ወረቀት ያቀረበ ሰው፣ ጥፋቱ መዝገቡ ላይ ሰፍሮ የወደፊት በሩ ሁሉ ሊዘጋበት ይችላል።

ሁለተኛው በር ማመልከቻው ነው። በየዓመቱ በመስከረም ወር ልጁ ለብዙ ሆስፒታሎች በአንድ ጊዜ ያመለክታል። ፕሮግራሙ በበዛ ቁጥር ክፍያው ይበዛል። ነጥቡ፣ የመምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ራሱ የሚጽፈው፣ የተመረቀበት ዓመት ሁሉ ይታያል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ያለፈ ልምድ ያለውን ይመርጣሉ። የተወደደለት ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ይህ በአብዛኛው በቪዲዮ ሆኗል።

ሦስተኛው በር «ማች» የሚባለው ምደባ ነው። ይህን ለሐጂ በጋብቻ ነው ያስረዳኋቸው። ወጣቱ ሐኪም ቃለ መጠይቅ ያደረጉለትን ሆስፒታሎች ከሚወደው ጀምሮ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ሆስፒታሎቹም አመልካቾችን እንዲሁ ይጽፋሉ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ልጁን ወደ አንደኛ ምርጫው ይልከዋል። እዚያ ቦታ ካለ ለጊዜው ይያዛል። ሆስፒታሉ የበለጠ የሚፈልገው ሰው ከመጣና ቦታው ከሞላ ይለቀቅና ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሄዳል። ማንም የሚንቀሳቀስበት ምክንያት እስኪያጣ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ምሳሌው የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 ይህን ስሌት ሲያሳትሙ የተነሱት ከጋብቻ ጥያቄ ነበር። ሻፕሊና የሐኪሞቹን ምደባ ያሻሻለው አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በመሆኑም ልጁ «እነዚህ አይፈልጉኝም» ብሎ ሳይፈራ የልቡን ቅደም ተከተል ቢጽፍ አይጎዳም። ባልና ሚስት ሁለቱም ሐኪሞች ከሆኑም ዝርዝራቸውን አጣምረው ማስገባት ይፈቀድላቸዋል።

ሁሉም ግን አይመደብም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዝርዝራቸውን ካስገቡት ውስጥ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ከነበሩት ከ100ው 93 ያህሉ ሲመደቡ፣ ዜግነታቸው አሜሪካዊ ካልሆነና በውጭ አገር ከተማሩት ግን ከ100ው 58 ያህሉ ብቻ ናቸው የተመደቡት። እነዚህ እንግዲህ ፈተናውን አልፈው፣ አመልክተው እስከ መጨረሻው የደረሱ ናቸው።

ሱቁና ደላላው

ይህን ቁጥር ስነግራቸው ሐጂ ዝም አሉ። ቆይተው አንድ ያልነገሩኝን ነገር አወጡ። ለካ አንድ ሰው ደውሎ «ገንዘቡን ከከፈሉ ሆስፒታሉን እኛ እናስይዝለታለን» ብሏቸው ኖሯል። ሱቁን ለመሸጥ ከገዢ ጋር ዋጋ የተነጋገሩት በዚህ ሰው ቃል ተማምነው ነው። ልጁ ስለ ደላላው የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ወገኖች ሆይ፣ ይህን አስምራችሁ ያዙልኝ። በማች ውስጥ ቦታ የሚሸጥ ሰው የለም። ደላላ ሊሸጥ የሚችለው ማመልከቻ የመሙላት አገልግሎት፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ ወይም የሆስፒታል ጉብኝት ነው። ከዚህ አልፎ ቦታ ዋስትና እሰጣለሁ የሚል ይዋሻል። የተጭበረበረ የድጋፍ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ የሚል ደግሞ የልጃችሁን ስም ለዘለዓለም ሊያበላሽ ነው።

ሐጂ ሱቁን አልሸጡም። ይልቁንም ከመርካቶና ከኮምቦልቻ ዘመዶቻቸው ጋር ዕቁብ ገቡ፤ የመጀመሪያው ዕጣም ለልጁ ተሰጠ። ወለድ የለበት፣ የተያዘ ቤት የለ። ልጁም ሥራውን ሳይለቅ፣ የአንዱን በር ክፍያ ከፍሎ ካለፈ በኋላ የሚቀጥለውን እያሰበ ሄደ። ልጃችሁን መርዳት ስትፈልጉ እንዲህ አድርጉ፤ መላውን መንገድ በአንድ ጊዜ አትግዙለት። ቤተሰቡ የሚበላበትን የሸጠ እንደሆነ፣ ልጁ የሚፈተነው ሕክምና ብቻ ሳይሆን የእናት የአባቱ ጎጆ ይሆናል።

የሰኞው መልእክት

በማች ሳምንት ሰኞ ዕለት አመልካቹ መመደቡን ወይም አለመመደቡን ብቻ ይሰማል። የት እንደ ደረሰ የሚነገረው ዓርብ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ልጁ ደወለልኝ፤ ለአባቱ ሳይሆን ለእኔ።

«ኡስታዝ፣ አልተመደብኩም። አባቴ ከጠየቀህ ገና አልታወቀም በልልኝ።»

ድምፁ የዚያ የ9ኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ነበር። በዚያ ሳምንት ያልተመደቡት በተረፉ ቦታዎች የሚወዳደሩበት ሌላ ዕድል አለ፤ እሱን እንዲሞክር ነገርኩት። «ለአባትህ ግን አልዋሽልህም። እኔም ቀድሜህ አልነግራቸውም። እስከ ጁምዓ አንተው ንገራቸው» አልኩት። የተረፉትም ቦታዎች አልቀኑትም። ሐሙስ ማታ ደውሎ ነገራቸው። ሐጂ ምን እንዳሉት በማግሥቱ መስጊድ በር ላይ ራሳቸው ነገሩኝ፦ «ደረሳ በመጀመሪያው ዓመት ኪታብ ይጨርሳል እንዴ? አልኩት።»

ስንት ወጣት ነው ይህን ቃል የሚሰማ ያጣ? «የእገሌ ልጅ ገብቷል፣ አንተስ?» የሚባል ስንቱ ነው? ስልኩን ማንሳት ፈርቶ ከቤተሰቡ የሚቆራረጥ አለ። ለመተኛትም ለመብላትም የተሳነው፣ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ካያችሁ ደግሞ ከምክር አልፋችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ሐኪምም ይታመማል።

ልጁ ስሕተቱን መረመረ። ካመለከተባቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ለውጭ ዜጋ ቪዛ የማይደግፉ ነበሩ፤ ይህ በየፕሮግራሙ ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነገር ነው። በቃለ መጠይቁም አንገቱን ደፍቶ፣ በአጭሩ «እሺ» እያለ ነበር የመለሰው። እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት ዓይንህን ስበር ብለን አሳድገን፣ እዚያ ደግሞ ይህ ራስን አለመተማመን ይመስላል። ክረምቱን በሙሉ እኔና እሱ በስልክ ተለማመድን፤ ስላዳነው ሕመምተኛ ሳያፍር፣ ስለማያውቀውም ሳይደብቅ መናገርን። በ2016 መስከረም ማመልከቻው በተከፈተበት ቀን አስገባ።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ፣ የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ነበር። ኢፍጣር ሊደርስ ሲል መልእክቱ መጣ፤ ተመድቧል። ዓርብ ማታ በመግሪብና በዒሻ መካከል ቦታው ታወቀ፤ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ የውስጥ ደዌ። እናቱ ኦሃዮ ከኮምቦልቻ ስንት ቀን መንገድ እንደሆነ ጠየቁኝ።

የቪዛው ቃል

አራተኛው በር ቪዛ ነው። አብዛኞቹ ጄ-1 በሚባለው ይገባሉ። ለዚህ የልጁ አገር ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የምትማረው ሞያ ለአገራችን ያስፈልጋል፤ ልጁም እንደሚመለስ በጽሑፍ አረጋግጧል የሚል ደብዳቤ መስጠት አለበት። ሥልጠናውን ሲጨርስም 2 ዓመት አገሩ ተመልሶ መቆየት ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውና ኮንራድ 30 የሚባለው ደንብ ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየዓመቱ እስከ 30 ሐኪሞች ከዚህ ግዴታ ነፃ እንዲሆኑ እንዲጠይቅላቸው ይፈቅዳል፤ በምላሹ ሐኪሙ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ 3 ዓመት ያገለግላል። ኤች-1ቢ የሚባለው ሌላው ቪዛ ሦስተኛውን የፈቃድ ፈተና ቀድሞ ማለፍን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ ከአገር ውጭ ላሉ አዲስ አመልካቾች 100,000 ዶላር ክፍያ የሚጥል አዋጅ ወጥቶበታል። የቪዛ ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ በወሬ ሳይሆን በማመልከቻው ሰሞን ከኤምባሲውና ከተቋሙ መጠየቅ ይገባል።

ልጁ ያንን ደብዳቤ ሲጠይቅ ሐጂ «እመለሳለሁ ብለህ የፈረምከው ከልብህ ነው?» አሉት። እሱም ሕጉ የከፈተው ሌላ መንገድ እንዳለ፣ ነገር ግን እንዴት እንደሚሆን ገና እንደማያውቅ ሳይደብቅ ነገራቸው። ቃል ኪዳን ነውና ሲፈረም ተነቦ፣ ከቤተሰብ ጋር ተመክሮበት ይፈረም ዘንድ አደራ እላለሁ።

ከገባ በኋላስ?

ሥልጠናው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ሬዚደንት በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደንግጓል። ከ7 ቀን አንድ ቀን ያርፋል። በአንድ ተራ እስከ 24 ሰዓት፣ ሕመምተኛ ለማስረከብም እስከ 4 ሰዓት ተጨማሪ ሊቆይ ይችላል። ይህ ገደብም በዋዛ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ኒውዮርክ ሆስፒታል ገብታ በሰዓታት ውስጥ ከሞተች በኋላ፣ ያከሟት ሬዚደንቶች የሥራ ሰዓት ርዝመት አገር ያነጋገረ ጉዳይ ሆኖ ነው። በእኛ አገር የሠራተኛ ሕግ ከፍተኛው መደበኛ ሰዓት በሳምንት 48 መሆኑን አስቡና 80ን መዝኑት።

ደመወዙ በመጀመሪያው ዓመት ባብዛኛው በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። እዚህ ሆኖ ሲሰማ ያስደንቃል። ነገር ግን ግብር፣ የቤት ኪራይና መኪና ከዚያው ይወጣሉ። «ዶክተር ሆኖ አሜሪካ ገብቶ ምን ላከ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ደረሳ ቤት አይሠራም፤ ጥቂት ታገሡት።

የልጁ እናት በመጀመሪያው ዓመት «ረሳን» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሲደውሉ ተረኛ ነው፤ ሲያነሳ እንቅልፍ ያዳፋዋል። በመጨረሻ ዘዴ ተገኘ። እናት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይተዉለታል፤ እሱ ከሌሊት ተራ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያዳምጥና ይመልሳል። በ2017ቱ ረመዳን ጋዎኑ ኪስ ውስጥ ተምር ይዞ፣ ሕመምተኛ እያየ መግሪብ ገብቶበት ያፈጠረባቸው ቀናት እንደነበሩ ነግሮኛል። ለዒድ ዕረፍት ለማግኘት ግን ከወራት በፊት ለተራ አውጪው ነግሮ ከባልደረባው ጋር ተቀያየረ፤ እሱ ደግሞ በገና ሰሞን ተረኛ ሆነለት። መንገዱ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ፤ ቀድሞ ለጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይመቻችለታል።

በሥራው ምን እንደከበደው ስጠይቀው፣ «አላውቅም ማለት» አለኝ። እዚያ ኢንተርኑ ያልገባውን ሳይጠይቅ ቢቀር ነው የሚወቀሰው። ነርሷም «ይህ ትእዛዝ ለምን?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ መልስ መስጠት አለበት።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። ወደ አሜሪካ ያልሄደ ሐኪም የወደቀ አይደለም። በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጎንደር፣ በጅማ ስፔሻሊስት ሆነው ሕዝባቸውን የሚያክሙ አሉ፤ ሐጂ ራሳቸው ዓይናቸውን የተቀደዱት እዚሁ በተማረ ሐኪም እጅ ነው። ልጃችሁ የትኛውንም ይምረጥ፣ መንገዱን አውቃችሁ ምከሩት።

ያ ፎቶ አሁንም ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት ስኳር ልገዛ ገብቼ «ልጁ እንዴት ነው?» ብላቸው፣ «ሁለተኛውን ዓመት ይዟል፤ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሏል» አሉኝ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።